ቀስቷ ትቅር ወይስ ትኑር? ስለሚቀጥለው ኤልደር ስክሮልስ የተደረገ ክርክር

ሚኪያስ (ጉለሌ)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ። ስድስተኛው ኤልደር ስክሮልስ ሲወጣ መንገድ የምታሳየዋ ቀስት ትኑር ወይስ ትቅር?

ጌሙን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ቤቴስዳ የሚባለው ኩባንያ ከ1994 ጀምሮ ሲሠራው የኖረ የምናብ ዓለም ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሰይፍ አለ፣ አስማት አለ፣ እግርህ ወዳመራህ ትሄዳለህ። ሞሮዊንድ በ2002፣ ኦብሊቪየን በ2006፣ ስካይሪም ደግሞ በኖቬምበር 2011 ወጡ። የስድስተኛው ማስተዋወቂያ በጁን 2018 ታየ። ተራራ፣ የባሕር ዳርቻ፣ ከዚያ ስሙ ብቻ። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ነው። ይኸው ከዚያ ወዲህ እየጠበቅን ነው።

የኔ አቋም ትቅር ነው። ሞሮዊንድ ውስጥ ባልሞራ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ አንድ ሰው ከጥንት ፍርስራሽ ውስጥ ትንሽ ሳጥን እንድታመጣለት ይልክሃል። ቦታውን በአፉ ነው የሚነግርህ። ከከተማው ውጣ፣ ወደ ምሥራቅ ሂድ፣ ምሽግ ታገኛለህ፣ ከዚያ አሮጌ ድልድይ አለ፣ ተሻገር። ካርታው ላይ ምንም ምልክት የለም። እኔ ድልድዩን ስቼ አልፌ ሄድኩ። ተመለስኩ። እንደገና ሳትኩት። ፍርስራሹ ጋ ስደርስ ደግሞ በር የሚባል ነገር የለም። ውጭ ያለችውን የብረት ማዞሪያ እስካገኝ ድረስ አለቱን ዞርኩት። ስጠመዝዛት አለቱ ተከፈተ። ሌሊት ነበር፣ ብቻዬን ጮህኩ።

ይሄ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ቤት እንዴት ነው የሚነገርህ? "ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ ታጠፍ፣ ወፍጮ ቤቱን እንዳለፍክ ቢጫ በር አለ፣ ከጠፋብህ ባለሱቋን ጠይቅ።" ስትጠይቅ ሰው ታውቃለህ። ስትሳሳት ሰፈሩን ታውቀዋለህ። ቀስቷ ከመጣች ወዲህ ግን ሰማዩን እንኳን አላይም። ዓይኔ ቀስቷ ላይ ነው።

ሰብለ

ሚኪ፣ የምትለው ይገባኛል። ግን ያንን ጌም የተጫወትከው እንግሊዝኛ እያነበብክ ነው።

እኔ ስካይሪምን የጀመርኩት ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ነው። የወንድሜ ኮምፒውተር ላይ። እንግሊዝኛዬ ለፈተና የምሸመድደው ነበር። ሰዎቹ ሲያወሩ ግማሹ አይገባኝም። ቀስቷ ባትኖር የመጀመሪያዋ መንደር ላይ ተውኩት ማለት ነው። እሷን ተከትዬ ነው ያንን ሁሉ አገር ያየሁት። ቃላቱንም ቀስ በቀስ የለመድኩት እዚያው ነው።

ስለዚህ "ቀስቷ ሰነፍ አደረገችን" ሲባል ይከፋኛል። ለኔ በር ከፋች ነበረች።

ዳዊት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ልጆች፣ በዕድሜ ሳልበልጣችሁ አልቀርም። ኦብሊቪየን ሲወጣ ሥራ ጀምሬ ነበር። የቤቴስዳ ስቱዲዮ ሮክቪል ነው፣ ከኔ ቤት ሩቅ አይደለም።

እኔም ትኑር ባይ ነኝ። የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ለጌም የማገኛት ጊዜ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብትሆን ነው። ሚኪያስ ድልድዩን ስቶ ሁለቴ ሲመለስ ለሱ ትዝታ ሆነለት። ለኔ ግን የሳምንቱ ጊዜዬ አለቀ ማለት ነው።

ሚኪያስ

ጋሽ ዳዊት፣ ልክ ኖት፣ ጊዜ የሌለው ሰው አለ። ግን ኤልደን ሪንግ የሚባለውን ሌላ ጌም ይዩት። በ2022 ወጣ። የተልዕኮ ቀስት የለውም። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ20 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። እንደርስዎ ሥራ ያለውም ገዝቶታል። ሰው መፈለግን ይወዳል።

ዳዊት

እሱን ተጫውቼዋለሁ። ማረፊያዎቹ ላይ ወደሚቀጥለው ቦታ የሚዘረጋውን ወርቃማ ብርሃን ረሳኸው? እሱም ቀስት ነው። ያማረ ቀስት ነው እንጂ።

ናቲ (ጀሞ)

እዚህ ላይ ልግባ። ለስካይሪም ትንንሽ ሞዶች፣ ማለትም ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሯቸውን ነገሮች፣ እሠራለሁ፣ ስለዚህ ጌሙን ከውስጥ አይቼዋለሁ።

ሁሌ የሚሰጠን መልስ "ካልፈለግክ አጥፋት" ነው። እሺ፣ አጥፋት እንበል። ስካይሪም ውስጥ ቀስቷን ስታጠፋ ምን ይቀርሃል? ማስታወሻህ ላይ "እንትንን ከእንትን ዋሻ አምጣ" ይላል። በቃ። ዋሻው በስተሰሜን ይሁን በስተደቡብ ማንም አይነግርህም። ላኪው ሰውዬም አይናገርም። ቀስቷ ስላለች ጸሐፊዎቹ መንገዱን መጻፍ ትተዋል። ችግሩ እሷ አይደለችም። ከእሷ ጋር የጠፋው ንግግር ነው።

ሞሮዊንድ አብዛኛው ንግግሩ ጽሑፍ ነበር። መንገድ ለማስረዳት ሦስት መስመር መጨመር ቀላል ነው። ከኦብሊቪየን ጀምሮ ግን ሁሉም በድምፅ ሆነ። እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር ተዋናይ ትፈልጋለች፣ ስቱዲዮ ትፈልጋለች። ቀስት ርካሽ ናት።

ሁለቱንም አድርጎ ያሳየ ጌም ደግሞ አለ። አሳሲንስ ክሪድ ኦዲሲ፣ 2018። ገና ስትጀምር ይጠይቅሃል። አንደኛው ምርጫ ምልክት ያሳይሃል። ሁለተኛው "ከከተማው በስተምዕራብ፣ ከሐይቁ አጠገብ" እያለ ፍንጭ ይሰጥሃል። ይቻላል ማለት ነው። የኔ ተስፋ ይሄ ነው፣ መጀመሪያ ንግግሩ ይጻፍ፣ ቀስቷ ከላይ ትደረብ።

ሩት (ሐዋሳ)

ስለ ቀስት ትከራከራላችሁ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ስፋቱ ነው።

ስካይሪም ሲወጣ 6 ጊጋ ባይት ቦታ ነበር የጠየቀው። እኛ ጋ በፍላሽ ነው ከሰው ወደ ሰው የዞረው። የዚሁ ኩባንያ የጠፈር ጌም ስታርፊልድ በ2023 ሲወጣ 125 ጊጋ አለ። በሞባይል ዳታ ይሄን ማን ያወርዳል? የፕሌይስቴሽን ተፎካካሪ የሆነው ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ2021 ከገዛው ወዲህ ደግሞ ስድስተኛው ለፕሌይስቴሽን ይወጣ ይሆን የሚለው ሌላ ስጋት ነው።

ከቀስቷ ጋር የሚያገናኘው ነገርም አለ። ሁለተኛው ኤልደር ስክሮልስ፣ ዳገርፎል፣ በ1996 ሲወጣ 15,000 ያህል ቦታዎች አሉኝ ብሎ ነበር። ስታርፊልድ ከ1,000 በላይ ፕላኔቶች አሉት። አብዛኛውን ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚደረድረው። አንድ ፕላኔት ላይ የጎበኘሁትን ጣቢያ ሌላ ፕላኔት ላይ እንዳለ አገኘሁት። ክፍሎቹ ያው፣ ዕቃዎቹ በየቦታቸው ያው። እንደዚህ ያለ ቦታ ላይ "ከወፍጮ ቤቱ ታጠፍ" ማለት አይቻልም። ወፍጮ ቤቱ መቶ ቦታ አለ! ቀስት የግድ ይሆናል።

የሞሮዊንድ መሬት ግን ከስካይሪም ያንሳል። ስትጫወተው ግን ማለቂያ ያለው አይመስልህም፤ ቀስ ብለህ ትራመዳለህ፣ ጭጋግ አለ፣ እያንዳንዱ ኮረብታ ሰው በእጁ ያስቀመጠው ነው። ስለዚህ ትንሽ አገር ሠርተው ይስጡን። መንገድ በአፍ የሚነገረው ምልክት የሚሆን ነገር ሲኖር ነው።

ሰብለ

ሩትዬ፣ ይሄን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ስካይሪም ላይ ብሊክ ፎልስ የሚባለው መቃብር ውስጥ ሦስት ቀለበት ያለው የድንጋይ በር አለ። ወርቃማ ጥፍር ይዘሃል፣ ቀለበቶቹን ማስተካከል አለብህ። ቀስቷ በሩ ላይ ወስዳ አቆመችኝ። ከዚያ በኋላ አትረዳም። ሁለት ቀን እዚያ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ ዝም ብዬ ቦርሳዬን ከፍቼ ጥፍሩን አገላበጥኩት። መዳፉ ላይ ድብ፣ የእሳት ራት፣ ጉጉት ተቀርጿል። አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አላስፈለገኝም።

ከጌሙ ሁሉ የማልረሳው ያንን ነው። ቀስቷ ያደረሰችኝን ቦታ ሁሉ ግን ብትጠይቁኝ አብዛኛው ጠፍቶብኛል።

አቋሜ አልተለወጠም። ልጅ ሆኜ የገባሁበት በር መዘጋት የለበትም። ግን እንደዚያ በር ያለ ነገር፣ በዓይን ብቻ የሚነበብ፣ ይብዛልን። ሐውልቱ ወደሚያይበት ሂድ፣ ጭስ ወደሚወጣበት ሂድ። ይሄ ቋንቋ አይጠይቅም።

ዳዊት

ሰብለ፣ ይሄን እኔም እፈርማለሁ። ጭስ አይቼ ለመሄድ ሁለት ሰዓት ይበቃኛል።

ሚኪያስ

እሺ፣ ትቅር ያልኩትን ላስተካክል። ሰብለ በገባችበት ዕድሜ እኔ ብሆን እኔም ያስፈልገኝ ነበር። ናቲ እንዳለው ንግግሩ ይጻፍ። ፈላጊ ቀስቷን ይጨምር። ጌሙ ሲከፈት ግን መጀመሪያ ጠፍታ ትምጣ። እዚህ ላይ አልደራደርም።

ሰብለ

እኔ ደግሞ በርታ ትምጣ ባይ ነኝ። እንግሊዝኛ የማያነብ የ13 ዓመት ልጅ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ አያገኛትም። አንተ ግን ታገኛታለህ፣ አንተ አጥፋት።

ናቲ

ንግግሩ በጽሑፍ ካለ ደግሞ ወደ አማርኛ መመለስ ይቻላል። ፊደሉን ማስገባት ሥራ አለው እንጂ የማይቻል ነገር አይደለም። ከሞሮዊንድ የባልሞራን አቅጣጫዎች ብቻ ብንጀምር ማን ያግዘኛል?

ሰብለ

እኔ አለሁ። ግን መጀመሪያ ራሴ ልሂድበት። ዛሬ ማታ እጀምረዋለሁ፣ ቪዲዮም አላይም። ሚኪ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፣ ድልድዩ ከምሽጉ በፊት ነው በኋላ?

ሚኪያስ

በኋላ። ምሽጉን እንዳለፍሽ ቀስ በይ፣ እኔ የሳትኩት እዚያ ጋ ነው።