«ሲሚንቶ ቢረክስ ሁሉም ሰው ቤት ይሰራል» ላላችሁት

የኮልፌ ልጅ፦ ትናንት እዚህ «ሲሚንቶ ቢረክስ ሁሉም ሰው ቤት ይሰራል» የተባለው አናዶኛል። የአባቴ ቤት ግድግዳ ውስጥ ሲሚንቶ የለም። ባህር ዛፍ አቁመው አስማገሩ፣ በጭድ በተቦካ ጭቃ አስመረጉ። መጀመሪያ ሁለት ክፍል ብቻ ነበር። እቁብ ሲወጣላቸው ሰርቪስ ጨመሩ፣ በሰርቪሱ ኪራይ ደግሞ ወለሉን ሊሾ አደረጉ። 20 ዓመት ፈጀ። ቤቱን ያስቻላቸው ቀስ ብለው መስራታቸው ነው።

ግንበኛው፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። ወንድሜ፣ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ጭቃ ቤት ማን ይፈቅድልሃል? ብሎኬት ነው፣ ፌሮ ብረት ነው። ሰው ቆርቆሮ ሳያለብስ ብሩ አልቆበት ሲቆም በየቀኑ አያለሁ።

የኮልፌ ልጅ፦ «ማን ይፈቅድልሃል» ካልክ ችግሩ ፈቃዱ ነዋ! ራስህ መለስከው።

የቦሌ ቡልቡላዋ፦ መሬቱን ሁለታችሁም ዘለላችሁት። በ1967ቱ የከተማ ቦታ አዋጅ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ እስከ 500 ካሬ ይፈቀድለት ነበር። በ1986 ሊዝ መጣ። ያለውን ሁሉ ጨረታ ላይ ያፈሰሰ ሰው በምን ግድግዳ ያቁም?

ግንበኛው፦ እህቴ፣ የውርስ ቦታ ያላቸውም እኮ ጀምረው ቆመዋል። እነሱን ያቆማቸው ሊዝ ነው?

የኮልፌ ልጅ፦ ቆመዋል አትበል፣ እየሰሩ ነው። አባቴም ስንቴ ቆመዋል። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ግን ለአነስተኛ ግንባታ መጨረሻ የሰጠው እስከ 24 ወር ነው። ደሞዝተኛ በ24 ወር ቤት ይጨርሳል?

ግንበኛው፦ ማራዘሚያ አለ።

የኮልፌ ልጅ፦ ስንት ወር? 20 ዓመት ነው ያልኩህ።

ጨረቃ ቤት ያደግኩ፦ እኛን ስለ ፈቃድም ስለ ሊዝም የጠየቀን የለም። ቤታችን በአንድ ሌሊት ቆመ፣ ሁለቴ ፈረሰ፣ ሁለቴ ሰራነው። ነገ ይፈርሳል ብለህ እየፈራህ ደህና መሰረት አታወጣም። ቆርቆሮ ላይ ቆርቆሮ ትደርባለህ። ሁለቴ የከፈልነው ተደምሮ ካርታ ላለው ሰው ጥሩ ቤት ይሰራ ነበር። እናቴ እስከ ዛሬ ዶዘር ስትሰማ ትነሳለች።

የቦሌ ቡልቡላዋ፦ አይዞሽ እህቴ። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው።

ግንበኛው፦ ስለፈረሰባችሁ አዝናለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን ጭቃ ቤትን እንደ መፍትሄ አታምጡብኝ። ምስጥ ይበላዋል።

የኮልፌ ልጅ፦ ከስሩ ድንጋይ ካልተደረገለት አዎ። የአባቴ ግን ጉልበት ድረስ ድንጋይ ነው፣ የቆርቆሮው ክፈፍም ረዝሞ ዝናቡን ይከላከላል። እኔን አሳድጓል፣ አሁን ልጆቼ ውስጡ ይሮጣሉ። መጥተህ እየው፣ ከዚያ እንከራከር።