የደሴ ብርድ ነው ጉልበቴን የያዘኝ ወይስ ወንበሩ?

ሰፊዋ ከፒያሳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 58 ነው፤ ደሴ ፒያሳ ልብስ ስሰፋ ነው የኖርኩት። ከክረምት ወዲህ ከወንበር ስነሳ ጉልበቴ አልታዘዝ ይለኛል፤ ጠረጴዛውን ካልደገፍኩ አልቆምም። ራጅ ተነስቼ «መገጣጠሚያሽ በዕድሜ ተበልቷል» ተባልኩና ማስታገሻ ይዤ ተመለስኩ። ታላቅ እህቴ ግን ኮምቦልቻ ጉሊት ትነግዳለች፤ በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ የሽንኩርት ጆንያዋን ማንም አያነሳላትም። ዘመድ ሁሉ «የደሴ ብርድ ነው፣ ወደ ቆላው ውረጂ» እያለ አሰለቸኝ። ደንበኞቼን ማን ይረከበኛል? እንቅስቃሴ ጎድሎሽ ነው እንዳትሉኝ፤ ቤቴ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ቁልቁለቱን በእግሬ ነው የምወርደው። ማታ ደክሞኝ ስለምውል በባጃጅ እመለሳለሁ።

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
አብሽሪ እህቴ። ብርድ ሕመሙን ያባብሰዋል እንጂ ጉልበትን አይበላም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ የጉልበት ሕመምተኛ ግን ሁለቱም ጋ ሞልቷል። በአጥንቶቹ መካከል ያለው ካርቲሌጅ የሚባለው ልስልስ ሽፋን የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹን የሚያመላልሰው ደግሞ እንቅስቃሴ ነው። ቀኑን ሙሉ ስትቀመጪ እሱም ይራባል። ሌላው የጭን ጡንቻ ነው። ሰው ከ30 ዓመቱ በኋላ ጡንቻው ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ከ60 በኋላ ይፈጥናል፤ ካልሠራበት ደግሞ ይብሳል። እህትሽን ያቆማት የኮምቦልቻ ሙቀት ሳይሆን ጆንያው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ባጃጁ ልምጣ። ቁልቁለት ከዳገት ይልቅ ጉልበትን ይጫናል፤ ዳገት ግን ልብንና ጭንን ያሠራል። አንቺ የያዝሽው ተቃራኒውን ነው። ስትወርጂ ተሳፈሪ፤ ስትመለሺ እያረፍሽ በእግርሽ ውጪ። በየግማሽ ሰዓቱም ከስፌት መኪናው ተነሺ። እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣምረሽ ከወንበር መነሳትና ቀስ ብሎ መቀመጥ፣ አሥር ጊዜ። መጀመሪያ ካቃተሽ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምረሽ ከፍ አድርጊው።

ጡረተኛው ሾፌር፦
እኔ ምክሩን ሰምቼ ወደ ኮምቦልቻ የወረድኩ ነኝ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ፣ ሐረጎን፣ ዕድሜዬን ሙሉ በመሪ ስታገለው ነው የኖርኩት፤ ያሳመመኝ መቀመጫው እንጂ መንገዱ አልነበረም። እዚህ ወርጄ ብርዱ ቀረልኝ፤ ሆዴ ግን ገፋ፤ ደም ግፊትም ተገኘብኝ። ራሴን አላመመኝም፣ አላዞረኝም፤ ሳንባዬን ላሳይ ሄጄ ነው ያወቅሁት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይላል፤ አንዲት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። እኛ ቤት በርበሬው ሲደለዝ ጨው ይገባበታል፤ ወጡ ሲወርድ ይጨመራል፤ ከዚያ በማዕዱ ላይ እንደገና ይነሰነሳል። ጫቱንም ተውኩት። የልብ ምትና ግፊት ከፍ እንደሚያደርግ ሐኪሙ ነግሮኛል። እውነቱን ለመናገር ጫቱን ሳይሆን ጨዋታውን ነው የናፈቅሁት። ሰፊዋ፣ ግፊትሽን ተለክተሻል ወይ? አገር መቀየር ካማረሽ ደግሞ ለጥየቃ ነይ እንጂ ለጉልበት ብለሽ አትምጪ።

ሰፊዋ ከፒያሳ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቁልቁለት ለመውረድ ለባጃጅ ከፍዬ ዳገቱን በእግሬ ስወጣ ጎረቤት ምን ይለኛል? የባጃጁ ሾፌር ራሱ «እማማ፣ ተሳስተው ነው?» ብሎ አሳቀኝ። እማማ ማለቱን ግን አልወደድኩለትም። ትራሱ ላይ ሆኜ ስነሳ አሥር ይሞላልኛል፤ ያለ ትራስ ከአራት አላለፍኩም። ግፊቴን ቅዳሜ እለካለሁ። ፊዚዮቴራፒስቱ፣ ዳገቱን ስወጣ ጭኔን ነው የሚያቃጥለኝ፤ ጉልበቴን አይደለም። ልቀጥል?

ፊዚዮቴራፒስቱ፦
ቀጥዪ። የጭን ማቃጠል ጡንቻው እየሠራ መሆኑ ነው። ጉልበትሽ ካበጠ፣ ከቀላና ከሞቀ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን አቁመሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ደረትሽን ከተጫነሽም እንዲሁ፤ ለዚህ ቀጠሮ አትጠብቂ።