የጋራ ምክረ ሐሳባችን፦ ከውሃ እንጀምር

አስተባባሪ፦ ጤና ይስጥልኝ ከየጎንደር ሰፈሩ የመጣችሁ ወገኖች። «ማኅበራዊ ሳይንስ ለሰላም፣ ለእኩልነትና ለዘላቂ ልማት» የሚለውን የጥናት ምክረ ሐሳባችንን ረቂቅ አነበብኩት። በጣም ሰፍቷል። ጎንደር ላይ ምን እንደምንሠራ የሚናገር አንድ አንቀጽ እንኳ የለውም። ሦስቱንም የሚነካ አንድ ጉዳይ እንምረጥ። እስቲ ሐሳብ አምጡ።

የማራኪ አባል፦ እኔ ውሃ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከጸደቁት 17ቱ የዘላቂ ልማት ግቦች 5ኛው የጾታ እኩልነት፣ 6ኛው ውሃ፣ 16ኛው ሰላምና ፍትሕ ነው። ሦስቱንም ቦኖ አጠገብ ቆሞ ማየት ይቻላል። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሮቶ ያለው ሞልቶ ያስቀምጣል። የሌለው ጀሪካን ይደረድራል። እጀታቸው በገመድ የተያያዘ ጀሪካኖች ባለቤቶቻቸው ሳይኖሩ ወረፋ ይዘው ታያላችሁ። ውሃው ሲለቀቅ ሮጣ የምትመጣው ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ናት፣ ትምህርት እየረፈደባት። ገመዱ ተፈቶ ከተገኘ ደግሞ ጠብ ነው።

የአዘዞ አባል፦ በውሃው እስማማለሁ። ግን ቦኖው ላይ አንቁም። ለከተማችን ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱን መሐንዲሶች ሲያጠኑት ኖረዋል። ከግድቡ በላይ ያለው ገበሬ ተዳፋቱን እስከ ገደል አፍ ለምን እንደሚያርስ ግን ማን ጠየቀው? መሬቱ ለልጆች እየተከፋፈለ አንሷል። ለከብቱ ግጦሽ የለውም። እርከን ቢሠራ ጉልበቱ የእሱ ነው፤ ውሃውን የምንጠጣው እኛ ከተሜዎቹ ነን። ረቂቁ ውስጥ «ለአርሶ አደሩ ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚል አለ። ይውጣልኝ። ሰውየው አፈሩ እንደሚታጠብ ከማናችንም በላይ ያውቃል። ጥያቄው ድካሙን ማን ይካሰዋል የሚለው ነው። እኩልነት ካልን እዚህ ላይ እንበል።

የአራዳ አባል፦ ተባረክ ልጄ። አሜሪካዊቷ ምሁር ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ስትቀበል በዘርፉ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ያጠናችው ይህንኑ ነው፤ ግጦሽን፣ ደንን፣ የመስኖ ውሃን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ደንብ አውጥተው እንዴት ጠብቀው እንደሚያቆዩት። ደንቡን የሚተዳደሩበት ሰዎች ሲያወጡት፣ ቅጣቱም ከቀላል ጀምሮ ሲከብድ ይጸናል ትላለች። የእኛ አገር የውሃ አባት ተራ የሚደለድለው በዚሁ መንገድ አይደለም እንዴ? ተራ የዘለለ መጀመሪያ ይመከራል፣ ከደገመ ይቀጣል። አንድ ነገር ግን አደራ። የውሃ አባቱ ወንድ ነው፣ ሽማግሌዎቹም ወንዶች ናቸው። ጀሪካኑን የምትሸከመው ሴት ደንቡ ሲወጣ ከሌለች ባህላችን ነው ብለን አናልፈው።

የማራኪ አባል፦ ትክክል ጋሼ፣ ይህ በደንብ ይጻፍ። የሴቶች ውይይት ለብቻው ይሁን። ከወንዶቹ ጋር ሲቀመጡ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ።

የቀበሌ 18 አባል፦ እኔን የሚያሳስበኝ አጠያየቃችን ነው። አሁን ባለው ሁኔታ መጠይቅ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ያስፈራል። ስም፣ ስልክ፣ የትውልድ ቦታ፣ ብሔር አንመዝግብ። ማንን ትደግፋለህ ብለንም አንጠይቅ። ስለ ውሃ ብቻ እንጠይቅ። ወረቀቱ ማን እጅ እንደሚገባ አናውቅምና መልስ የሰጠንን ሰው አደጋ ላይ ከጣልን ስለ ሰላም መጻፋችን ምን ይረባል? በእድሮች በኩል እንግባ፤ ሰው የሚያምናቸው እነሱን ነው። ያገኘነውንም መጀመሪያ የምናነበው እድሩ ስብሰባ ላይ ይሁን። ሰው መረጃ ሰጥቶ ውጤቱን ሳያይ መቅረቱ ሰልችቶታል።

አስተባባሪ፦ እንግዲህ ወደ ሥራ። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ የአንገረብን ውሃ ማን ይጠብቃል፣ ማን ይጠጣል፣ ማን ይወስናል? የከተማውን ክፍል አሁን እንጀምር። የላይኛው ተፋሰስ መንገዱ ሰላም ሲሆን ይቀጥላል፤ ማንንም ለአደጋ አንልክም። የአዘዞው ወንድማችን መግቢያውን ይጻፍልን። የሴቶቹን ውይይት የማራኪዋ እህታችን ትያዝ። ጋሼ፣ እርስዎ የእድር ዳኞቹን ቢያነጋግሩልን?

የአራዳ አባል፦ እሺ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አገኛቸዋለሁ። ደብዳቤው ላይ ግን ማኅተም ይኑርበት።