ክርክር፦ ክረምት ላይ መገጭ ወንዝ አፍ መረብ መጣል ይከልከል?

አድሚን፦ ሰሞኑን ጣና ዳር ጎርጎራ ወርጄ ከአስጋሪዎች ጋር በአንድ ጉዳይ ተሟገትን። ነጭ ዓሣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንቁላሉን ሊጥል ከጣና ወደ መገጭ፣ ድርማ፣ ርብና ጉማራ ይወጣል። ከመውጣቱ በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል። እዚያ መረብ የጣለ ሰው ብዙ ሳይደክም ያፍሳል። ይከልከል ወይስ ይተው? ስድብ የለም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ደግሞ ሌላ ቀን እንጨቃጨቅበታለን።

ማራኪ ሰፈር፦ ይከልከል! ይሄ ደግሞ ምን ክርክር አለው? ያረገዘች ላም አርደህ ጥጃው የት አለ ማለት እኮ ነው። የጣና ነጭ ዓሣ 15 ገደማ ዝርያ አለው፤ አብዛኛው ከጣና ሌላ የትም አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብቻ ብዛቱ በሦስት አራተኛ ገደማ ወርዷል። ምን እስኪቀር ነው የምንጠብቀው?

ጎርጎራ ዳር፦ ወንድሜ፣ ጎንደር ማራኪ ቁጭ ብሎ መከልከል ቀላል ነው። አባቴም አስጋሪ ነበር፤ እኔም ሌላ ሥራ አላውቅም። መስከረም ላይ ለልጆቼ ደብተር የምገዛው በዚያ ዓሣ ነው። አራት ወር ማን ያበላኛል? እምቦጭ አረሙስ? ሐይቁ ላይ ከታየበት ከ2004 ወዲህ እንቅልፍ የለንም። ማታ የጣልኩትን መረብ ነፋስ እምቦጩን እየነዳ ጠቅልሎት ይሄዳል። አምና ሁለት መረብ በልቶብኛል። በ2013 ጥቅምት ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲነቅል እኔም ነበርኩ። ተመልሶ በቀለ።

ዓሣ ቤት አራዳ፦ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደንበኛዬ ነጭ ዓሣ አይጠይቅም። እሾሁ ብዙ ነው። ጉላሽም ጥብስም ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው የሚፈለገው። ነጩ ቢከለከል ገበያው አይሞትም።

ማራኪ ሰፈር፦ ቆሮሶም እኮ ክረምት ላይ በብዛት ይራባል። እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። እሷን ስትይዝ ቤተሰቡን በሙሉ ያዝክ ማለት ነው።

ዓሣ ቤት አራዳ፦ እንዲህ እያልክ ምሳ ልታስተወኝ ነው 😄

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ ሕጉማ አለ። የፌዴራሉ የዓሣ አዋጅ 315/1995 ነው፤ ክልሉም የራሱን አውጥቷል። ሌሊት ውኃ ላይ የሚቆጣጠር ነው የጠፋው። ዓይነ ጠባቡ የፕላስቲክ መረብ ጫጩት ሳይቀር ያግዛል፤ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውኃ የሚመርዝም አለ። ግን ሁላችሁም አስጋሪው ላይ ብቻ ለምን ትወርዳላችሁ? ነጭ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው ጥርት ባለና በሚፈስ ውኃ፣ ጠጠር ላይ ነው። ያንን ጠጠር ከወንዙ እየዛቅን ቤት እንሠራበታለን። ከታረሰው ተዳፋት የሚወርደው ደለል የቀረውን ይሸፍነዋል። ከተፈለፈለ በኋላ ደግሞ ጫጩቱ ወደ ሐይቁ ሳይመለስ ወንዙ በሞተር ፓምፕ ለሽንኩርት ይቀዳል። መረቡን ብትሰበስቡ ዓሣው የት ሄዶ ይውለድ?

ጎርጎራ ዳር፦ እግዜር ይስጥልኝ አባባ። ይኸው ነው የኔም ንግግር። የወንዙ አፍ ይዘጋ፣ እሺ፤ እኔ ራሴ እጠብቃለሁ። ግን መሀል ሐይቁን አትንኩብኝ። ፓምፑና ጠጠሩም አብሮ ይቁም። እኔ ብቻዬን ለምን እጦማለሁ?

ማራኪ ሰፈር፦ የወንዙ አፍ ብቻ ከተዘጋ እኔም እስማማለሁ። መጀመሪያ ሐይቁን በሙሉ ነበር ያሰብኩት።

አድሚን፦ እና ከወንዙ የሚዛቀው ጠጠርና አሸዋስ? እዚህ ግሩፕ ውስጥ ቤት የሚሠራ የለም?

ማራኪ ሰፈር፦ ... እኔ እየሠራሁ ነው። ባለፈው ሳምንት ሦስት መኪና አራግፌያለሁ። ከየት እንደመጣ ግን አልጠየቅኩም።

ጎርጎራ ዳር፦ ሹፌሩን ጠይቅና ንገረን።