የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ የእናት አንጀትና ቀኑ ሳይደርስ የሚወለድ ልጅ፣ ረቂቅ 2

ሰብሳቢዋ፦ እንደምን አመሻችሁ። እስከ አርብ አንድ ረቂቅ ላይ ካልተስማማን የገንዘብ ድጋፉ ዘንድሮም ያልፈናል። ሐሳቡ የመጣው በ2025 ከወጣው የቻይና ጥናት ነው። ከ5,000 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ተከታትለው፣ ከአብዛኞቹ ገና በእርግዝናው መጀመሪያ የሰገራ ናሙና ወስደው፣ ኋላ ማን ከ37 ሳምንት በፊት እንደወለደች አዩ። ክሎስትሪዲየም ኢኖኪዩም የሚባል ባክቴሪያ ከዚህ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ኢስትራዲዮልን የሚሰብር ኢንዛይም አለው፤ ኢስትራዲዮል ደግሞ ለእርግዝና የግድ ከሚያስፈልጉት ሆርሞኖች አንዱ ነው። እኛ ሐዋሳ ላይ ምን እንሥራ? ሁላችሁም ጻፉ።

አዋላጇ፦ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። እኔ ጋ የሚመጡት እናቶች ብዙዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ የማያቸው ሆዳቸው ከገፋ በኋላ ነው፣ በአምስተኛው፣ በስድስተኛው ወር። የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር ስላት «ከፍቼ ጨምበላላ በፊት መሰለኝ» ትለኛለች፤ እኔም ያንን ይዤ ሳምንቱን በግምት እሞላለሁ። በቅርቡ ካርዱ ላይ 33 ሳምንት የተባለ ልጅ ተወልዶ ስንመዝነው 3.2 ኪሎ ሆነ። ያ ልጅ ቀኑን ጠብቆ ነው የተወለደው፣ የተሳሳትነው እኛ ነን። ተቃራኒውም አለ፤ ትንሽ ሆኖ የተወለደ ሁሉ ያለጊዜው መጣ ማለት አይደለም፣ ማህፀን ውስጥ ሳያድግ የቀረም ይኖራል። ሳምንቱን በትክክል ሳናውቅ ባክቴሪያውን ከምን ጋር ልናያይዘው ነው?

የላብራቶሪው ባልደረባ፦ ሲስተር ልክ ነሽ። የእኔን ጭንቀት ልጨምርበት። ሰገራ ወዲያው ካልቀዘቀዘ ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች መባዛታቸውን አያቆሙም። መብራት ሄዶ ፍሪዘሩ ግማሽ ቀን ከሞቀ የምናነበው የእናትየዋን አንጀት ሳይሆን የዕቃውን ቆይታ ነው። ናሙናው ባይቀዘቅዝም እንዳይለወጥ የሚያቆይ ፈሳሽ ያለበት ዕቃ አለ፤ በጀቱ ውስጥ ከሁሉ በፊት እሱ ይግባ። የባክቴሪያዎቹን የዘረመል ንባብ ሌላ ቦታ ልከን ማስነበብ እንችላለን፣ የተበላሸ ናሙና ግን ማንም አያድነውም።

የጤና ኤክስቴንሽኗ፦ እናቶች ለምን ይዘገያሉ ብላችሁ አልጠየቃችሁኝም፣ እኔ ልንገራችሁ። እርግዝና ሳይታይ አይነገርም። አንዳንዷ ከዚህ በፊት ወርዶባት ስለነበር ሰው ፊት ማውራት ትፈራለች። ፋብሪካ የምትሠራዋ ደግሞ ፈረቃዋን ትታ ወረፋ ልትጠብቅ አትችልም፤ ቀን ከቀረች ደመወዟ ይቆረጣል፣ ቤት ኪራይ አለባት፣ ለገጠር ቤተሰቧም ትልካለች። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ቁጭ ብለን ብንጠብቃት አትመጣም። እኛ ቤት ለቤት ስንዞር የወር አበባ የቀረባትን በሚስጥር እንመዝግብ፣ ለአልትራሳውንድ ደግሞ የቅዳሜ ከሰዓት ቀን ይያዝላት። ሌላም ልለምናችሁ፤ ማብራሪያው ላይ «የእናት አንጀት ችግር» የሚል ቃል እንዳይገባ። ልጅ የሞተባትን እናት አውቃለሁ፣ ምን በልቼ ነው እያለች እስከ ዛሬ ራሷን ትከሳለች።

ሰብሳቢዋ፦ ይህንን እንዳለ ወደ ረቂቁ አስገባዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 የመጀመሪያው ክትትል እስከ 12 ሳምንት፣ አንድ አልትራሳውንድ ደግሞ ከ24 ሳምንት በፊት ይሁን ብሏል። እኛ ወደ 12ቱ ካልተጠጋን ከቻይናው ጋር የሚወዳደር ናሙና አይኖረንም።

የሥነ ምግብ ባለሙያው፦ የምግቡን ጥያቄ ለእኔ ተዉት። እዚህ ቆጮና ቡርሳሜ (በቅቤ የሚሠራ የቆጮ ምግብ) የምትበላ እናት አንጀት ቻይና ሩዝ ከምትበላው ጋር አንድ ነው ብለን መነሳት አንችልም። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ የሚብላላ ምግብ ነው፣ እርጎውም እንደዚሁ። ይጠቅማል ወይም ይጎዳል ብለን ግን አስቀድመን አንጻፍ፣ ዝም ብለን እንመዝግብ። ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ጠቃሚ የሚባሉ ባክቴሪያዎችን፣ እንስጥ ያላችሁም ነበራችሁ፤ ያለጊዜው መውለድን እንደሚቀንስ ስላልተረጋገጠ እኔ አልስማማም። መጠይቁ ላይ ግን አንድ ነገር አይቅር፦ በዚህ እርግዝና አሞክሳሲሊን ወይም ሌላ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ ገዝተሽ ወስደሻል? አንቲባዮቲክ የአንጀቱን ባክቴሪያ ያናጋል፣ ይህን ሳናውቅ ናሙናውን ብናነብ ዋጋ የለውም።

አዋላጇ፦ የሽንት ምርመራውም እንዳይረሳ። የሽንት ኢንፌክሽን ምጥን ቀድሞ ሊያመጣ እንደሚችል ድሮም የምናውቀው ነው፤ አዲሱን ስናሳድድ ዛሬ ልናክመው የምንችለውን መዝለል የለብንም።

የላብራቶሪው ባልደረባ፦ እንግዲያው በሁለት እንክፈለው። መጀመሪያ ስድስት ወር ናሙና አንሰብስብ፤ ቶሎ መመዝገብና ሳምንቱን በአልትራሳውንድ መቁጠር እንደምንችል እንይ። ናሙናው ከዚያ ይከተላል።

ሰብሳቢዋ፦ ገንዘብ ሰጪዎች ባክቴሪያውን ነው የሚወዱት፣ የመጀመሪያው ክፍል ደብዛዛ እንዳይመስላቸው እሰጋለሁ። ቢሆንም እስማማለሁ። ማን ይጽፈዋል?

አዋላጇ፦ የሳምንት አቆጣጠሩን እኔ እጽፋለሁ፣ የ3.2 ኪሎውን ልጅ ታሪክ መግቢያው ላይ አደርገዋለሁ። ነገ ማታ ተረኛ ነኝ፣ ሐሙስ ጠዋት እልክላችኋለሁ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ፦ እናቶች የሚፈርሙበትን ማብራሪያ እኔ ልሞክረው። በአማርኛም በሲዳምኛም ይሁን። ከመላካችን በፊት ግን ለሁለት ሦስት እናቶች ላንብብላቸው።