የልብ ምት ኪኒን ጀምሬ እጄ በረደ፤ እማዬ ደግሞ «ለኔም ላኪልኝ» ትላለች

የሞላሌ ልጅ (ሜሪላንድ)
ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ እንዴት ከረማችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ልቤ ከመሬት ተነስቶ ድው ድው ይላል። ሥራ ላይም ይመጣል፣ ተኝቼም ይመጣል። ሐኪም ጋ ሄጄ ኢሲጂ (የልብ ምት መመዝገቢያ ምርመራ) ተነሳሁ፣ ለምርመራ ደምም ሰጠሁ። ለክፉ የሚሰጥ አይደለም ብለው ሜቶፕሮሎል የሚባል ኪኒን አዘዙልኝ።

ድው ድው ማለቱ በእርግጥ ረገብ ብሏል። ግን ሰውነቴ የኔ አልመስል አለኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ከአልጋ ስነሳ ያዞረኛል፤ ዛሬ ጠዋት ግድግዳ ይዤ ነው የቆምኩት። ጣቶቼ ይቀዘቅዛሉ፣ ጫፋቸው ይነጣል። ሥራዬ አረጋውያን መንከባከብ ነው። የምንከባከባቸው እናት ካልሲ ሳለብሳቸው እጄ ሲነካቸው እግራቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ።

ሌላው ጭንቀቴ እማዬ ናት። ሞላሌ ነው ያለችው። ስለ ኪኒኑ ስትሰማ «የኔም ልብ እንዲሁ ነው የሚመታ፣ ያንኑ ላኪልኝ» አለች። የሚሄድ ዘመድ አለ፤ ሻንጣዬ ላይ ቦታ አለኝ ብሏል። ሳቅማማ «ለኔ ሲሆን ጨከንሽ» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ። ኪኒኑን ላቁመው ወይስ ልታገሥ? እማዬንስ ምን ልበላት?

ጣርማ በር (ዴንቨር)
አይዞሽ እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። እኔ የምወስደው ቢሶፕሮሎል ነው፣ ዘሩ አንድ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ነበር የምተኛው። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ድካሙ ለቀቀኝ። ሐኪሜ ማታ እንድወስደው ቀየረልኝ፣ እሱም ረድቶኛል። የእጄ ብርድ ግን አሁንም አለ። ጓንትና ወፍራም ካልሲ አይለየኝም።

ስትነሺ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ በዪ። እግርሽን ወዝወዝ አድርጊ፣ ቁርጭምጭሚትሽን አንቀሳቅሺ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ብድግ በዪ።

ሲስተር ከእንዋሪ (ዳላስ)
ነርስ ነኝ፣ የምሠራውም የልብ ሕሙማን ክፍል ነው። ከሁሉ በፊት፦ በራስሽ ጊዜ እንዳታቆሚው። ልብ ላይ አድሬናሊን (ስንደነግጥ ሰውነት የሚያመነጨው፣ ልብን የሚያፈጥን ነገር) የሚያርፍባቸው ቦታዎች አሉ። እንዳንቺ ኪኒን ያሉት፣ ቤታ ብሎከር የሚባሉት መድኃኒቶች እነሱን ቦታዎች ቀድመው ይይዟቸዋል፤ ስለዚህ ልብ ረጋ ብሎ ይመታል። ድንገት ሲቋረጥ አድሬናሊኑ ያለ ከልካይ ይመለሳል። ምቱም ግፊቱም ሽቅብ ይወጣል። የልቡ ደም ሥር የጠበበ ሰው ከሆነማ ለድንገተኛ የልብ ሕመም ሊጋለጥ ይችላል። ማቆም ካስፈለገ ሐኪሙ በትንሽ በትንሹ እየቀነሰ ነው የሚያስቆምሽ።

ድካሙ፣ ማዞሩ፣ የእጅ ብርዱ፣ አንዳንዴም የሌሊት ቅዠት፣ እነዚህ የታወቁ ናቸው። ድካምና ማዞር አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ሲለምደው ይቀንሳል። ሜቶፕሮሎል ከምግብ ጋር ወይም ምግብ እንደበላሽ ይወሰዳል። ቀስ እያለ የሚለቀው ዓይነት ከሆነ እንዳታኝኪው፣ እንዳትፈጪው። ምትሽንም ቁጠሪ። ሁለት ጣትሽን አንጓሽ ላይ በአውራ ጣት በኩል አሳርፊ። ሰዓት እያየሽ 30 ሰከንድ ቆጥረሽ በ2 አባዢው። ከ50 በታች ከሆነና ካዞረሽ በዚያው ቀን ለሐኪምሽ ደውዪ። ራስሽን ከሳትሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ወዲያው ለድንገተኛ እርዳታ 911 መደወል ነው።

አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቻችን የማንጠቀምበት ነገር አለ። የፋርማሲው ባለሙያ ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ክፍያ ያናግርሻል። እንግሊዝኛው ከከበደሽ፣ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። «አማርኛ» በያቸው፣ አትፈሪ። ልጆቻችንን አስተርጓሚ አናድርጋቸው፤ ሕፃን ልጅ የእናቱን የልብ ነገር ተሸክሞ መዋል የለበትም።

የአንኮበሯ (ለንደን)
ፍልሰታ እየጾምሽ ነው እንዴ? እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መዋል ማዞሩን ያባብሰዋል። እኔ ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው በሕመሜ ምክንያት ፈቅደውልኛል። አንቺም ንገሪያቸው።

ጽሑፍሽን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። የላከችልኝ ባና አሁን እግሬ ላይ ነው፤ የበግ ጠጉር ሽታው አልለቀቀውም። እዚህ የሚሸጠው ብርድ ልብስ ሁሉ እንደሱ አያሞቀኝም። እሷ ግን የለችም። እናትሽ ያኮረፈችው ናፍቃሽ ነው። መልሰሽ ደውዪላት፣ ዛሬውኑ።

ጋሼ ምንጃር (ፍራንክፈርት)
ልጆቼ፣ የእናት ቃል እንዴት ይመለሳል? አገር ቤት መድኃኒት ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። እዚህ ጀርመን ለአንድ የታዘዘ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዩሮ ከፍለን እንወስዳለን። ለእናቷ አንድ ብልቃጥ ብትልክ ምን ክፋት አለው? ሸንኮራ ዮሐንስም ጠበሉ አለላት። ሁለቱንም ታድርግ።

ሲስተር ከእንዋሪ (ዳላስ)
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ጠበሉን ትጠመቅ፣ አልቃወምም። ኪኒኑ ላይ ግን አልስማማም። ልብ በብዙ ምክንያት ይመታል። እንቅርት ያስመታል፣ ደም ማነስ ያስመታል። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የሚመጣ የቫልቭ ችግርም ያስመታል፤ እሱ ደግሞ አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ላይ አለ። አስም ላለበት ሰው ይህ ኪኒን ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። የሞላሌዋ፣ እናትሽ ሌላ ሕመም አለባቸው?

የሞላሌ ልጅ (ሜሪላንድ)
ስኳር አለባት። ኢንሱሊን ትወጋለች።

ሲስተር ከእንዋሪ (ዳላስ)
እንግዲያው ጭራሽ እንዳትልኪ! ስኳር ሲወርድ ሰውነት የሚያስጠነቅቀው በመንቀጥቀጥና በልብ ምት ነው። ይህ ኪኒን እነሱን ይሸፍናቸዋል፤ በአብዛኛው የሚቀረው ላቡ ነው። ሐኪም እያያቸው ከሆነ ስኳር ላለበትም ሊያዝዘው ይችላል። በሻንጣ ተልኮ ግን አይሆንም። እንዲያውም ልቤ ይመታል የሚሉት ስኳራቸው ሲወርድ እንዳይሆን። ሲመታቸው ምግብ በልተው ነበር ወይ? መርፌውንስ መቼ ወሰዱ? ጠይቂያቸው።

ጋሼ ምንጃር (ፍራንክፈርት)
ሐኪም ይያት ትላላችሁ። ማን ይወስዳታል? መንገዱ የሚዘጋበት ቀን አለ። ስልክ ይዞ «ሐኪም ይያት» ማለት ቀላል ነው።

ጣርማ በር (ዴንቨር)
መሐል ሜዳ ከተማ ሆስፒታል አለ፣ ከደብረ ብርሃን ይቀርባቸዋል። ለመጓጓዣና ለምርመራ ገንዘብ ላኪ። ግን ለማን እንደምትልኪ እወቂ። እኔ ለአባቴ ሕክምና የላክሁት ብር የቤት ክዳን ቆርቆሮ ሆኖ ጠበቀኝ።

ጋሼ ምንጃር (ፍራንክፈርት)
ቆርቆሮውስ ለአባትህ አይደለም? ቤት እያፈሰሰ ሰው ይድናል? እዚያ ያሉት የሚጎድለውን ከኛ የበለጠ ያውቁታል። እኛ በላክን ቁጥር ደረሰኝ መጠየቅ ለምደናል።

ጣርማ በር (ዴንቨር)
ጋሼ፣ የአባቴ ዓይን ሞራ ሳይነሳለት ቀረ። አሁን በር ድረስ የሚሄደው በልጅ እጅ ተይዞ ነው። ቆርቆሮው ሊቆይ ይችል ነበር። ይህን የምናገረው አምርሬ ነው።

የአንኮበሯ (ለንደን)
እባካችሁ፣ እህታችን ገና መልስ ትጠብቃለች።

የሞላሌ ልጅ (ሜሪላንድ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፋርማሲ ደወልኩ፣ በስልክ አስተርጓሚ አስገቡልኝ። ከምግብ ጋር ውሰጂው፣ ወደ ማታ ለማዞር ግን ሐኪምሽን ጠይቂ ብለውኛል። መልእክት ልኬለት እየጠበቅሁ ነው። አዎ፣ እየጾምኩ ነበር።

እማዬም ስልኩን አነሳች። መቼ ነው የሚመታሽ ብዬ ጠየቅኋት። «ሆዴ ባዶ ሲሆን ነው፤ ላብ ያጠምቀኛል፣ በሶ በጥብጬ ስጠጣ ይተወኛል» አለችኝ። ኪኒኑን እንደማልልክ ነገርኳት። አሁንም ቅር ብሏታል። ወንድሜ መሐል ሜዳ ይውሰዳት፤ ገንዘቡን ለሱ ልላክ ወይስ ለአክስቴ?

ጋሼ ምንጃር (ፍራንክፈርት)
ለወንድምሽ። ታላቅ ወንድም እያለ ለአክስት መላክ ቤተሰብ ይለያያል።

ጣርማ በር (ዴንቨር)
ለአክስትሽ ላኪ።

ሲስተር ከእንዋሪ (ዳላስ)
ለማንም ላኪ፣ ብቻ እናትሽ የነገሩሽን ቃል በቃል ለሐኪሙ ይንገሩት። የላቡን ነገር፣ የበሶውን ነገር፣ ሁሉንም። እስከዚያ መርፌ ወስደው ምግብ ሳይበሉ እንዳይውሉ፤ ይህን ዛሬ ማታ ደውለሽ ንገሪያቸው። ስኳርም አጠገባቸው ይኑር።

አንቺ ግን ምትሽን አልነገርሽንም። ቆጠርሽው ወይ? ስንት ነው?