ላባቸውን እያረገፉ እንቁላል ስላቆሙ ዶሮዎች

ጥያቄ፣ ከአዘዞ

ጤና ይስጥልኝ። በግቢዬ የማረባቸው የቦቫንስ ብራውን ዶሮዎች ዕድሜያቸው ወደ አንድ ዓመት ተኩል ተጠግቷል። ጥቅምት እስኪጋመስ ድረስ በደንብ ሲጥሉ ቆይተው፣ አሁን እንቁላላቸው እየቀነሰ መጥቶ ሊቋረጥ ተቃርቧል፤ አንገታቸው ተራቁቷል፣ የቤታቸውንም ወለል በየማለዳው ላባ ሸፍኖት አገኛለሁ። ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ኩሳቸውም ደህና ነው። ጎረቤቶቼ «አርጅተዋልና ጾሙ ሳይገባ ሽጪያቸው» ይሉኛል። እርጅና ይሁን በሽታ እንዴት ልለይ?

መልስ፣ ከማራኪ

እህቴ፣ እባክዎ ለመሸጥ አይቸኩሉ። የገለጹት ሁሉ የላባ ቅያሪ ምልክት ነው። ዶሮ የመጀመሪያውን ሙሉ ቅያሪ የምታደርገው ብዙውን ጊዜ በዚሁ ዕድሜ ሲሆን፣ መርገፉ ከራስና ከአንገት ጀምሮ ወደ ደረትና ጀርባ፣ ከዚያም ወደ ክንፍና ጅራት ይወርዳል። ላባ ከ80 በመቶ በላይ ፕሮቲን በመሆኑ፣ ሰውነቷ አዲስ ልብስ እያበቀለ በዚያው ጊዜ እንቁላል ሊሠራ አይችልም፤ የእንቁላል መሥሪያ አካሏም በዚህ ወቅት ተኮማትሮ ያርፍና ራሱን ያድሳል። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል።

የትኛዋን ማቆየት እንደሚገባ ግን ክንፏ ራሱ ይነግርዎታል። ማታ ቆጥ ላይ ሳለች በእርጋታ ይያዟትና ክንፏን ይዘርጉት። የውጭዎቹ ትልልቅ ላባዎች 10 ሲሆኑ፣ ከውስጠኞቹ የሚለያቸው መሐል ላይ ያለ አጭር ላባ ነው፤ መርገፍ የሚጀምረው ከእርሱ አጠገብ ሆኖ ወደ ክንፉ ጫፍ ይሄዳል። ጎበዝ ጣይ ሁለት ሦስቱን በአንድ ጊዜ ጥላ ቶሎ ትጨርሳለች፤ ደካማዋ አንድ በአንድ እየጣለች ወራት ታባክናለች። ብቅ ያሉት አዳዲስ ላባዎች ሥራቸው ደም የሞላበት ስለሆነ ሲነኩ ያማሉ፤ ከዚህ ምርመራ በቀር አይነካኳቸው።

ስለ መኖው፣ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ በአብዛኛው ከ16 እስከ 17 በመቶ ፕሮቲን ይይዛል፤ እስኪያገግሙ የኑግ ፋጉሎ ወይም የተቆላ አኩሪ አተር ቢጨምሩበት መልካም ነው። ከጎርጎራ የሚመጣ የዓሣ ትርፍራፊ ካገኙም አድርቀውና ፈጭተው ጥቂት ይቀላቅሉ፤ መጣል ሲጀምሩ ግን ያቁሙት፣ ሽታው ወደ እንቁላሉ ይገባልና። በቆሎና የእንጀራ ፍርፋሪ ማብዛት ጥጋብ እንጂ ላባ አይሰጥም።

መልስ፣ ከቀበሌ 18

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ስለ ብርሃን ግን አንድ ነገር ልጨምር። በሰሜኑ ዓለም ቅያሪን በዋናነት የሚቀሰቅሰው የቀን ማጠር ነው። በጎንደር ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከዕድሜያቸው ቀጥሎ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል፦ ውኃ ለአንድ ቀን ተቋርጦባቸው ነበር? መኖ በድንገት ተቀይሯል? ሸለምጥማጥ ሌሊት አስደንግጧቸዋል? አምፖል ማብራት ካሰቡ ላባቸው እስኪሞላ ይጠብቁ፤ ከዚያ በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየጨመሩ የቀኑን ብርሃን በድምሩ 14 ወይም 15 ሰዓት ያድርሱት። ጭማሪው ማለዳ ቢሆን ይሻላል፤ ማታ መብራቱ በድንገት ሲጠፋ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ጨለማ ይይዛቸዋል።

መልስ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ

ተራቁቶ የቀረ ሁሉ ቅያሪ አይደለም። በባዶው ቆዳ ላይ አዲስ ላባ እንደ እሾህ ካልበቀለ ይጠራጠሩ። ጀርባዋ ብቻ የተራቆተ ከሆነ አውራው አብዝቶ እየወጣባት ይሆናል፤ ላባው ተቀንጥሶ ከሆነ እርስ በርስ እየተነካከሱ ነው። በመውጫዋ ዙሪያ ያለውን ላባ ገልጠው ሥሩ ላይ የተከማቸ ነጭ ነገር ካዩ የቅማል እንቁላል ነው። ምግብ መተው፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ መታፈን ወይም የአንገት መጠምዘዝ ካዩ ግን ጉዳዩ ፈንግል የተባለው ተላላፊ የዶሮ በሽታ ሊሆን ስለሚችል የታመመችውን ወዲያው ለይተው ባለሙያ ይጥሩ፤ ወደ ገበያም አያውጧቸው።

የጠያቂዋ ምላሽ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ አየኋቸው፤ በአንገታቸው ላይ እሾህ መሳይ ላባ በብዛት በቅሏል፣ ቅማልም የለባቸውም። አብዛኞቹ ከየክንፋቸው ሁለትና ሦስት ጥለዋል፤ ሁለቱ ግን አንድ አንድ ብቻ ነው የጎደላቸው። በጾሙ ወራት ዝም ብዬ ልቀልባቸው?

መልስ፣ ከማራኪ

አዎ፣ ይቀልቧቸው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ የእንቁላል ፈላጊ ስለሚቀንስ፣ ዕረፍታቸው ከዚህ በተሻለ ወቅት ሊውል አይችልም፤ ብዙዎቹም ከገና በኋላ ባሉት ሳምንታት ይመለሳሉ። እንቁላላቸው በቁጥር ካምናው ያንሳል፤ በመጠን ግን ይተልቃል፣ ቅርፊቱም ይጠነክራል። ፈጭተው የሚሰጡትን የእንቁላል ቅርፊት እስከዚያ ድረስ በተለየ ዕቃ ያስቀምጡላቸው፤ የፈለገችው ትልቀም። አንድ አንድ ላባ የሚጥሉትን ሁለቱን ለገና ወጥ ቢያደርጓቸው አይጸጸቱም።